የአበሻ ጥድ ዘር ከፍታ ሲጨምር እንዴት እንደሚለወጥ አለካኩ

ተራራ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ብርዱ የአንዱን ዝርያ ዘር ሲያቀጭጭ የሌላው ዘር ደግሞ ከላይ ሲከብድ ይገኛል፤ ስለዚህ መልሱን አስቀድሞ ይዞ መነሳት አያዋጣም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ለዚህ ሥራ ይመቻል። በወጨጫ ተራራ ላይ ጥዱ ከታች ጀምሮ ሽቅብ ይዘልቃል፣ ወደ ጫፉ ቦታውን አስታ ለሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይለቃል።

ከደኑ አስተዳደር ፈቃድ ካገኙ በኋላ ከ2,300 እስከ 2,900 ሜትር በየ200 ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ አራት ጣቢያ ይያዙ። አራቱም በተራራው አንድ ፊት ላይ ይሁኑ፤ ፀሐዩና ዝናቡ ከፊት ፊት ይለያያልና። የስልክ ከፍታ በአስሮች ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ከካርታ ጋር ያመሳክሩት። በየጣቢያው ቢያንስ 100 ሜትር የተራራቁ 10 እናት ዛፎች ይምረጡ። የሚለቀመው ጥቁር ሰማያዊ የሆነው ፍሬ ብቻ ነው፤ አረንጓዴው ገና አልበሰለም። ከአንድ ዛፍ ከበሰለው ፍሬ ከአንድ አምስተኛው በላይ አይልቀሙ። ፍሬውን በጨርቅ ከረጢት ይያዙ፣ በፌስታል ይሻግታል። የየዛፉን ዘር ፈጽሞ አያቀላቅሉ።

ፍሬውን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው በወንፊት ላይ ያሹት። ሙጫው ስለሚያጣብቅ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩ፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁ።

ብዙ ልኬት የሚበላሸው በባዶ ዘር ነው። ጥድ በአብዛኛው ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ወንድ በራቀበት የቆመች ሴት ፍሬ ብትይዝም ዘሯ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያ ሳይለይ ከተመዘነ ከወንዱ ዛፍ የሚመጣው ብናኝ እጥረት የከፍታ ውጤት መስሎ ይታያል። ዘሩን ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ባዶ ነው። ግን ተንሳፋፊውን ብቻ አይመኑ፤ ከተንሳፈፈውም ከሰጠመውም 20፣ 20 ዘር በምላጭ ይሰንጥቁ። ጤነኛው ውስጡ ነጭ፣ እርጥብና ቅርፊቱን የሞላ ነው፤ ባዶው ግን የደረቀ ቡናማ ቆዳ ብቻ ይታይበታል። የባዶውን መጠን በመቶኛ ለብቻ ይመዝግቡ፤ እሱም ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

የሁሉም ጣቢያ ዘር በአንድ ክፍል፣ በጥላ፣ ለሁለት ሳምንት ይድረቅ። የእርጥበት ልዩነት ክብደትን ያዛባል፤ ከላይ የመጣው በጭጋግ የራሰ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከየዛፉ 100 ጤነኛ ዘር እየቆጠሩ ስምንት ጊዜ፣ 0.001 ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑ። የስምንቱ መደበኛ ልዩነት (ልኬቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው ስሌት) ከአማካዩ 4 በመቶ ካለፈ ሌላ ስምንት ይጨምሩ። የስምንቱ አማካይ በ10 ሲባዛ የ1,000 ዘር ክብደት ይወጣል።

ሲያነጻጽሩ የሚቆጠረው ዛፉ እንጂ ዘሩ አይደለም። በአንድ ከፍታ ያለዎት ማስረጃ 10 ነው፣ 8,000 አይደለም።

የመናገሻን ጥድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ስለዚህ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ከፍታ ወፍ ዋሻም ላይ መለካት ድካሙን ይክሳል፤ ሁለቱንም ዘር በአንድ ችግኝ ጣቢያ፣ በአንድ ቀን፣ ከየዛፉ 25 ዘር በአራት ድግግሞሽ ይዝሩ።