ሴት ዘመዳችሁ ስትታሰር ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማረሚያ ቤት በሴቶች ክፍል በፈታሽነትም በተረኛ ጥበቃም ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ገበያ ላይ ያወቀኝ ሰው ሁሉ «እህቴ ታሰረች፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። እኔ የምጀምረው ማድረግ ከሌለበት ነገር ነው፤ እስሩን የሚያከብድባት ብዙ ጊዜ ውጭ ያለው ወገኗ ሆኖ ስላየሁ።

የመጀመሪያው ስህተት አንድ ሰሞን ጠይቆ መጥፋት ነው። የጥየቃ ቀን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ፀሐይ ላይ የምትሰለፈው ሴት ናት፤ ባሏን፣ ልጇን፣ ወንድሟን ልትጠይቅ። ሴቷ ራሷ ስትታሰር ግን ባል ሁለት ሦስቴ ይመጣና ይቀራል። ወንድሞቿ «አዋረደችን» ብለው እግራቸውን ያነሳሉ። እናት ብቻ ትቀራለች። ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ስለሚናወጥ በጠዋት ትመጣለች፤ ከጓሮዋ ቡና፣ ከቤቷ ድርቆሽ ይዛ። ልጅቷ በዋዜማው ሹሩባ ተሠርታ ትጠብቃታለች። እናቷ የቀረች ቀን ያንን ሹሩባ ማታውኑ ትፈታው ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ መምጣት ባትችሉ የምትመጡበትን ቀን ንገሯት፤ ያንን ቀን ግን አትቅሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘትና በእነሱም የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሕጉ አለ፤ እኔ ስጠብቅ የማጣው ጠያቂውን ነበር።

ወጥ አብዝቶ ሞዴስ መርሳት ሌላው ነው። በር ላይ ቅመሱ ትባላላችሁ፣ እንጀራው እየተገለጠ ይታያል፣ ጠርሙስ አይገባም፤ ወጡም ቶሎ ይበላሻል። በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ ይቆያል። ከምግቡ ጋር ሞዴስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሳሙናና ቅባት ያዙ። ወንዶች ሞዴስ መያዝ ታፍራላችሁ። አንድ አባት በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በፌስታል አድርገው፣ ፌስታሉን ጋቢያቸው ሥር ይዘው መጡ። ስፈትሽ ቀና ብለው አላዩኝም። ግን አመጡ፤ ከዚያ በኋላም በየወሩ አመጡ።

ለልጆች «እናትሽ አረብ አገር ሄዳለች» ማለት ከሁሉም የሚከፋብኝ ነው። ልጅ እውነቱን ከጎረቤት ይሰማል። ያኔ እናቱም እናንተም ዋሾ ትሆኑበታላችሁ። ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ አክስቷ ይዛት መጥታ እናቷን ስታይ የጠየቀችው «አረብ አገር ስልክ የለም እንዴ?» ብላ ነው። እናትየው መልስ አልነበራትም። በልጁ ዕድሜ ልክ እውነቱን ንገሩት፦ «እማማ ጥፋት አጥፍታለች ተብላ ታስራለች፣ እኛ እንጠይቃታለን፣ አንተን ትወድሃለች።» ፍርድ ካልተሰጠ ደግሞ «ገና እየታየ ነው» በሉ። ከእናቱ ጋር ውስጥ የሚያድግ ሕፃን ካለም መውጫውን ቀድማችሁ አስቡ። በ1999 የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ ሕፃን ከእናቱ ጋር ለሚቆይበት ያስቀመጠው የዕድሜ ገደብ 18 ወር ነበር። የሚረከበው ሰው አስቀድሞ እየመጣ ካልተላመደው፣ የመለያየቱ ቀን ልጁ የማያውቀው ሰው እቅፍ ውስጥ እየጮኸ ይወጣል። ያንን ጩኸት ሰምቼ ቤቴ ገብቼ እራት መብላት ያቃተኝ ቀን ብዙ ነው።

ወረቀት ይዞ መጥቶ «ፈርሚ» ማለትም አለ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለ። መታሰሯ ብቻ ድርሻዋን አያሳጣትም፤ የሚያሳጣት ሳታነብ የምትፈርመው ውክልና ነው። ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ሂዱና ጠይቁላት። አመክሮና ይቅርታንም አታምታቱ። አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በገደብ መፈታት፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለፈጸመች በፍርድ ቤት የሚታይ ነው፤ ይቅርታ የመንግሥት ነው። በገንዘብ አስፈታታለሁ የሚል ደላላ ሌባ ነው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ በሴቶች ክፍል ጥበቃነት አዲስ ለተቀጠራችሁት ልጆቼ። ጭካኔን ጥንካሬ አታድርጉት። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንዷን በስሟ ሳይሆን «ባሏን የገደለችው» እያልኩ እጠራት ነበር። አንድ ማታ ምጥ የያዛትን ጓደኛዋን ደግፋ ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን ስታሽ አደረች። ጠዋት ስሟን ጠየቅኋት፤ ሁለት ዓመት ጠብቄያት ነበር። በ2003 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት፣ ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚናገሩት የባንኮክ ደንቦች 70 ናቸው፤ ሴትን የምትፈትሽ ሠልጣኝ ሴት ብቻ ትሁን ይላሉ። እኔ የምጨምረው መጋረጃ ይኑር፣ እጃችሁ ይሙቅ፣ ልጇ ፊት አታስወልቋት ነው። ጠያቂዎችም ዋርዲያዋን አትስደቡ፤ እሷም የሚያጠባ ልጅ ቤት ትታ አዳር የገባች ትሆናለች።

የመጨረሻው የመፈቻ ቀኗን እንደ ተራ ቀን ማሳለፍ ነው። ብዙዎቹ ስፌትና ጥልፍ ሠርተው ያጠራቀሙት ትንሽ ገንዘብ ይኖራቸዋል፤ እሱን «ለቤት ወጪ» ብላችሁ አትቀበሏት። በሩ ላይ ደግሞ በጊዜ ድረሱ። ብቻዋን ወጥታ ባጃጅ በየት በኩል እንደሚያዝ የጠየቀችኝ ሴት ነበረች፤ አስፋልቱ እሷ ከገባች በኋላ የተሠራ ነው። ጫማና ንጹሕ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ የገባችበት ልብስ አይሆናትም።