ተማሪዎችን ከፍልስፍና ጋር እንዴት እናስተዋውቅ?

ብዙ ተማሪ ፍልስፍናን የሚያውቀው በስም ዝርዝር ነው። ሶቅራጥስ፣ ፕላቶ፣ አርስቶትል፣ ከዚያ ዘመናቸው፣ ከዚያ ፈተና። ፈተናው ሲያልፍ ስሙም አብሮ ይጠፋል። እኔ መነሳት ያለብን ከጥያቄው ነው ባይ ነኝ። ጥያቄው ቻይና ተጠይቋል፣ አቴንስ ተጠይቋል፣ ባግዳድ ተጠይቋል፣ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥም ተጠይቋል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለሁለተኛ ደረጃም ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትም ይሆናል። ቤት ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሞክሩትም ያስኬዳል።

1. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ

በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጥያቄ አትጀምሩ። ለመጀመሪያ ቀን «ሰው በተፈጥሮው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለውን እመርጣለሁ። ቅድመ ዕውቀት አይጠይቅም። ዝምተኛው ተማሪ እንኳ በዚህ ላይ የሚለው አያጣም።

2. ታሪኩን ንገሩ፣ ስሙን አቆዩት

«አንድ ሕፃን የጉድጓድ ውሃ አፋፍ ላይ ደርሷል። ሊወድቅ ነው። እናንተ በዚያ ስታልፉ አያችሁት። መጀመሪያ ምን ይሰማችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ለሦስት ደቂቃ ይጻፍ። ይህን አትዝለሉት። ሃምሳ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ካልተጻፈ የሚናገሩት እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። ሌላው አንገቱን እየነቀነቀ ይስማማል።

«ክው እላለሁ» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። አሁን ጠበቅ አድርጉ። ለምን ደነገጥክ? ወላጆቹ እንዲያመሰግኑህ ነው? ሰፈሩ ስምህን እንዲያነሳልህ ነው? ወይስ የልጁ ጩኸት ስለሚረብሽህ? እነዚህን ሦስት ምክንያቶች አንስቶ አንድ በአንድ የጣላቸው ሜንሲየስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ቻይናዊ። ድንጋጤው ከስሌት ቀድሞ ይመጣል፣ ስለዚህ የደግነት ቡቃያ ከመጀመሪያው ውስጣችን አለ ይላል። ስሙን የምትነግሯቸው እዚህ ላይ ነው።

«መደንገጥ ሌላ፣ ማዳን ሌላ» የሚል ተማሪ ከተነሳ ደስ ይበላችሁ። ሜንሲየስም በዚህ ምሳሌ የተናገረው ስለ ስሜቱ ነው። ሮጦ ያድነዋል አላለም። ተማሪው ጽሑፉን ሳያይ የክርክሩን ስስ ቦታ ነክቶታል፤ ይህንን በሁሉም ፊት ንገሩት።

3. ተቃዋሚውን ከዚያው አገር አምጡ

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። የተለያዩ ባህሎችን ፍልስፍና ስናስተምር ሳናስበው «ቻይናዎች እንዲህ ያስባሉ፣ አፍሪካውያን ደግሞ እንዲህ» የሚል ነገር ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ እናስገባለን። አንድ ሕዝብ አንድ ሐሳብ ብቻ ያለው ይመስላል። ስለዚህ ወዲያው ሹንዚን አስከትሉ። እሱም ቻይናዊ ነው፣ እሱም እንደ ሜንሲየስ የጥንቱን ቻይናዊ መምህር የኮንፊሺየስን መንገድ የተከተለ ነው። ግን የሰው ተፈጥሮ መጥፎ ነው፣ ጥሩነት በትምህርትና በልፋት የሚመጣ ነው ይላል። የተጣመመ እንጨት በእንፋሎት ለስልሶ ካልተገራ አይቀናም የሚለው ምሳሌ የሱ ነው።

አሁን ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ከሜንሲየስ ጋር ያለ በመስኮቱ በኩል፣ ከሹንዚ ጋር ያለ በበሩ በኩል ይቁም። ሐሳቡን የቀየረ መሻገር ይችላል፤ የሚሻገር ሰው ግን የቀየረበትን ምክንያት ይናገር። ሞቅ ሲል የፕላቶን የቀለበት ታሪክ ጣል አድርጉ። አንድ እረኛ የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ ንግሥቲቱን አማለለ፣ ንጉሡን ገደለ፣ መንግሥቱን ያዘ። ቀለበቱ የናንተ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ወዲያና ወዲህ መሻገሩ ይበረክታል።

4. ወደ ከባዱ ጥያቄ ስትገቡ ደንብ አውጡ

በሁለተኛው ሳምንት «የማምነው ነገር እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ይመጣል። ኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) በወጣትነታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ያድጋል። ታዲያ ከወላጅ የወረስነውን እውነት ከሆነው የምንለየው በምንድን ነው? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብም «ሐተታ» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ ያነሳል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይላል፣ ታዲያ ማን ይፍረድ? እያለ ይጠይቃል። (ተማሪዎች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ያምታቱታል፤ አስቀድማችሁ ለዩላቸው።) ኢማሙ ከጥርጣሬ የወጡት አምላክ በልባቸው በጣለው ብርሃን እንደሆነ ይናገራሉ። ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ ለሰው ሁሉ በተሰጠው በልቡና ብርሃን መርምር ይላል። ሁለቱም ብርሃን ይላሉ፤ አንድ ነገር ማለታቸው ነው ወይ? ይህን ለተማሪዎቹ ተዉላቸው።

ደንቡ አንድ ነው፦ የማን ሃይማኖት ትክክል ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። የምንነጋገረው «በምን እናውቃለን?» በሚለው ላይ ብቻ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ውይይቱ ሲያፈነግጥ በጣት አሳዩ።

ስለ ሐተታው ያለውንም ክርክር አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ግን ለዓመታት ተሟግቶ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው አለ። ክርክሩ እስከዛሬ አልተዘጋም። አንዳንድ መምህር ይህን ሲያነሳ አገሩን የካደ ይመስለዋል። እኔ ግን ተማሪው ራሱ «ለመሆኑ ምን ማስረጃ ቢገኝ ታምናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማየት እወዳለሁ። የሳምንቱ ጥያቄም ይኸው ነው።

5. ከጽሑፉ ጥቂት አስነብቡ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሐተታው በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ሌላውን ራሳችሁ ተርጉሙ። ጮክ ብሎ ይነበብ፣ ያልገባ ቦታ ይሰመርበት።

6. ማርክ የምትሰጡበትን ነገር ቀይሩ

«ሜንሲየስ መቼ ኖረ?» ብላችሁ ከፈተናችሁ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። እንዲህ ጠይቁ፦ የማትስማማበትን አንዱን ፈላስፋ ምረጥ። እሱ ራሱ ቢሰማው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እንዲል አድርገህ ሐሳቡን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ብቻ ተቃወመው። ከማርኩ ግማሹን ለመጀመሪያው ክፍል ስጡ።