ባንዳችሁ ሲፈርስ ሂሳቡን እንዴት ትዘጋላችሁ

እኛ ድሬ ላይ ስድስት ሆነን ለዘጠኝ አመት ሰርግ፣ ምርቃት፣ የሆቴል ፕሮግራም ምናምን ስንጫወት የኖርን ልጆች ነን። አንድ ቀን ሳቢያን የነበረ ሰርግ ላይ በሽልማት ብር ተጣላንና እዛው ማታውኑ አንዱ ኪቦርዱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ፣ በማግስቱ ሌላው የፌስቡክ ፔጁን ፓስወርድ ቀየረ፣ በሶስተኛው ቀን ማንም የማንንም ስልክ አያነሳም፣ በቃ። ከዛ በኋላ ያለው አንድ አመት ከኪሳችንም ከጤናችንም በልቷል። ሰሞኑን ሁለት የማውቃቸው የከዚራ ልጆች ባንዳችን እየተሰነጠቀ ነው ምን እናድርግ ብለው መጡ፣ ከዛ የለገሃሬ ልጆችም ያንኑ ጠየቁኝ፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈው ብያለሁ።

ባንድ ይፈርሳል፣ እሱን ማስቀረት አልችልም። እኔን የሚቆጨኝ ሲፈርስ አብሮ የሚሄደው ወንድማማችነት ነው፣ ያ ደግሞ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ በቀረ ሂሳብ ነው።

መጀመሪያ፣ የተጣላችሁ ቀን ማንም ምንም ዕቃ እንዳያነሳ። አንስቶ ከሆነም ይመልስ፣ መመለስ ካልፈለገ እንኳን እኔ ጋ ነው ብሎ በቴክስት ይጻፍላችሁ፣ ያቺ ቴክስት በኋላ ብዙ ክርክር ትቆርጣለች። ከዛ ከማናችሁም ጋር ዝምድና የሌለው፣ ሂሳብ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ፈልጉ። እኛን ያዳኑን በድሮው ምድር ባቡር ሂሳብ ክፍል ሰርተው ጡረታ የወጡ ከዚራ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ግቢያቸው ኒም ዛፍ ስር አስቀመጡንና ገና ቡናው ሳይፈላ ባለካሬ ደብተር አውጥተው በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈሉት፦ ዕቃው፣ ማን ስንት አወጣ፣ መቼ፣ አሁን ማን ጋ ነው ያለው። «ስለ ጠቡ ማውራት የሚፈልግ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ፣ እኔ የምጽፈው ዕቃ ነው» አሉን።

ኪቦርዱ ጋ ስንደርስ እኔ በሙሉ ልቤ የኔ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፣ ዕቁቤ ወጥቶልኝ ነዋ የገዛሁት። እሳቸው ቀስ እያሉ ሲጠይቁ ግን የኔ ዕቁብ የሸፈነው ግማሹን እንኳን አይሞላም፣ ሌላው ሁለት ሰርግ ሰርተን ሳንካፈለው ያስቀመጥነው የባንዱ ብር ነው፣ የጎደለውን ደግሞ የቤዝ ጊታሪስታችን ሚስት አበድራን ነበር። እሷን ማንም ከፍሏት አያውቅም። ለሶስት አመት ቤቷ እየሄድን ምሳ ስንበላ አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰችም። ጋሼ ስሟን ደብተሩ ላይ ሲጽፉ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፣ እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ዕቃ መዝግቡ የምለው ለዚ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያስታውሰው የራሱን መዋጮ ብቻ ነው።

አከፋፈሉ ቀላል ነው፦ ታይዋን ገበያ ሶስት ቦታ ሂዱና የአሁኑን ያገለገለ ዋጋ ጠይቁ፣ የተገዛበትን ዋጋ እርሱት፣ ከሶስቱ መካከለኛውን ውሰዱ። ከዛ በፊት ግን ዕዳ ይከፈል፣ እንደዛች ሴትዮ ያሉት ይቅደሙ። ዕቃው የሚያስፈልገው ሰው የሌሎቹን ድርሻ በብር ይግዛ፣ የሚገዛ ከሌለ ይሸጥ። ሚክሰር ለሁለት አይቆረጥም።

ቀጥሎ ቀብድ። ቀብድ የተቀበላችሁበት ሰርግ ካለ የሙሽራው ቤተሰብ የናንተ ጠብ አያገባውም፣ ወይ ተቻችላችሁ ሂዱና ተጫወቱ ወይ ብሩን በጊዜ መልሱና ሌላ ባንድ ይፈልጉ። እኛ አንዱን ተጫወትን፣ ሳንተያይ፣ አንዱን መለስን።

አሁን ሰው የማያስበው ነገር ላይ ላምጣችሁ፣ ቀኑ። ባንዱ ያበቃበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ «ከዚ ቀን በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያገኘው የራሱ ነው» ብላችሁ። ይሄን ያልጻፉ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ከእንግሊዙ ባንድ ከቢትልስ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። እ.ኤ.አ በአፕሪል 1967 አራቱ የ10 አመት ሽርክና ፈረሙ፣ ከድርሰት ገቢ በስተቀር ማንኛቸውም የሚያገኙት ብር ወደ አንድ ካዝና ይገባል ተባለ፣ ለብቻ የሚሰራ ሙዚቃም ቢሆን። በዛው አመት ኦገስት ላይ ሁሉን ነገር ይዞላቸው የነበረው ስራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ሞተ። 1969 ላይ ሶስቱ አለን ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ማናጀር ሲፈርሙ ፖል ማካርትኒ ደግሞ የሚስቴ አባትና ወንድም ይያዙልን አለ፣ ሁለቱም ጠበቆች ናቸው። ሶስቱ የፖልን አማቾች እንዴት ይመኑ፣ ፖልስ ክላይንን እንዴት ይመን። በሚቀጥለው አመት ባንዱ ፈረሰ፣ ወረቀቱ ግን ቁጭ ብሏል፣ ፖል ለብቻው በሰራው አልበም የሚያገኘው ብር ክላይን ወደሚያስተዳድረው ካዝና ነው የሚገባው። ክላይንን ልክሰስ እንዳይል ከሱ ጋር የፈረመው ውል የለም፣ ስለዚ ዲሴምበር 31 ቀን 1970 ለንደን ፍርድ ቤት የራሱን ሶስት ጓደኞች ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ማርች 1971 ላይ ገንዘቡን የሚጠብቅ ገለልተኛ ሰው ሾመ፣ ሽርክናው በህግ ፈርሶ ያለቀው ግን ጃንዋሪ 1975 ነው። አራት አመት! ሶስቱ ደግሞ ቆይተው ራሳቸው ከክላይን ጋር ተካሰሱ፣ 1977 ላይ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍለውት ተገላገሉ።

ከዚ ታሪክ ለኛ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያልኳችሁ ቀን። ሁለተኛው፣ አስታራቂው የማንም አማች፣ የማንም አጎት፣ ከናንተ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰውም አይሁን። ክላይን 20 ፐርሰንት ነበረው፣ ፖል ያመጣቸው ደግሞ ዘመዶቹ ናቸው፣ ከሁለቱ ወገን ሽማግሌ አይወጣም።

ስሙስ? ስም ዕቃ አይደለም ብላችሁ እንዳትዘሉት፣ ሰርግ የሚጠራችሁ በስሙ ነው። ፒንክ ፍሎይድ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ውስጥ ሮጀር ዋተርስ 1985 ላይ ወጣና እኔ ከሌለሁ ባንዱ አልቋል፣ ስሙን አትጠቀሙ ብሎ በቀጣዩ አመት ፍርድ ቤት ሄደ። ያለቀው በዲሴምበር 1987 ዴቪድ ጊልሞር ስቱዲዮ ያደረጋት ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ነው፣ ስሙ ለጊልሞርና ለድራመሩ ኒክ ሜሰን፣ ዋተርስ ደግሞ ዘ ዎል የሚባለውን ስራና መድረክ ላይ የሚበረውን በአየር የተነፋ አሳማ ይዞ ወጣ። ዋተርስ ራሱ ከብዙ አመት በኋላ ክሱ ስህተት ነበር ብሏል። እና እናንተ ከሶስቱ አንዱን ምረጡ፦ ስሙን አንድ ወገን ይውሰድና ለሌሎቹ ካሳ ይክፈል፣ ወይ ማንም አይጠቀምበት፣ ወይ ሁሉም «የቀድሞው የእንትን ባንድ» እያለ ይጻፍ። የሚወስደው ወገን ስሙን በንግድ ምልክትነት ያስመዝግበው፣ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው የሚገዛው፣ ምዝገባው 7 አመት ይቆይና ይታደሳል። አስመዝጋቢው ግን የሌሎቹን የጽሁፍ ስምምነት ይያዝ፣ ተደብቆ ማስመዝገብ ሌላ ጠብ ነው።

ከስሙ ጋር ፔጁና ቻናሉ ይሄዳሉ። የኛ ዩቲዩብ ቻናል በጊታሪስቱ የግል ጂሜይል ነበር የተከፈተው፣ የቴሌግራሙ ደግሞ በእኔ ስልክ ቁጥር፣ ማንም ክፋት አስቦ አልነበረም፣ የዛን ቀን ኢንተርኔት የነበረው ሰው ከፈተው። ስለዚ ስትለያዩ ቻናሉን ለባንዱ ተብሎ በተከፈተ አካውንት አድርጉት፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ባለቤት ይሁን፣ ብሩ የማን ባንክ አካውንት እንደሚገባና በየስንት ጊዜው እንደሚካፈል ጻፉ። ቪድዮ ማጥፋት ይከልከል። በንዴት የጠፋ ቪድዮ ሺህ ጊዜ ይቅርታ ብትባባሉም አይመለስም፣ እኛ የሶስት አመት የሰርግ ቪድዮ እንደዛ ነው የጠፋብን፣ ከነሱ አንዱ ላይ አሁን በህይወት የሌለ ሳክሲስታችን ነበረ።

ዘፈኑ ላይ ረጋ በሉ። አንድ ዘፈን ላይ ቢያንስ ሁለት መብት አለ፣ አንዱ የግጥሙና የዜማው፣ ሌላው የተቀዳው ማስተር ማለትም ዋናው ቅጂ፣ ሁለቱ የተለያየ ሰው ንብረት ሊሆኑ ይችላሉ። በኛ ሀገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ872/2007 ተሻሽሏል፣ የደራሲው መብት በህይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 አመት ይቆያል፣ አብረው የጻፉት ከሆነ 50 አመቱ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ነው። መብት ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ በጽሁፍ ነው፣ «ውሰደው አቦ» ብዬው ነበር ማለት አይሰራም። ስለዚ ለያንዳንዱ ዘፈን መስመር አውጡ፦ ግጥም ማን፣ ዜማ ማን፣ ቅንብር ማን፣ ስቱዲዮ ማን ከፈለ። እዚ ጋ ሰው ይጎዳል፣ ተዘጋጁ። ድራመራችን አንድ መግቢያ ምት እሱ እንደፈጠረው ሁላችንም እናውቃለን፣ ያለዛ ምት ዘፈኑ ዘፈን አይደለም፣ ግን ዜማ ነው ብሎ የሚጽፈው የለም። እኛ ከቅንብሩ ድርሻ አወጣንለት፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።

አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ድርሻውን መሸጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ለሌሎቹ ይጠይቅ። ጆን ሌነንና ፖል የጻፏቸው ዘፈኖች ኖርዘርን ሶንግስ በሚባል ድርጅት ስር ነበሩ፣ 1969 ላይ አሳታሚያቸው ዲክ ጀምስ እነሱን ሳያማክር ድርሻውን ኤቲቪ ለሚባል ድርጅት ሸጠው፣ ለማስመለስ ሞክረው አልሆነላቸውም። 1985 ላይ ማይክል ጃክሰን ካታሎጉን፣ ማለትም የዘፈኖቹን ስብስብ፣ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሰው በሃያ አመቱ የጻፈውን ዘፈን ሌላ ሰው ሲገበያይበት ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት፣ ለኛ ትንሽ ባንድም ቢሆን ህመሙ ያው ነው።

ፊርማ። ወረቀቱን በሰው ቁጥር ልክ ኮፒ አድርጉ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፣ ምስክር ይኑር፣ ከዛ ሰነድ ማረጋገጫ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። አንድ ሰው ይቀራል፣ ይሄ ሁሌም አለ። የቢትልስ መፍረሻ ወረቀት ሊፈረም ዲሴምበር 1974 ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ሲሰበሰቡ ጆን ሌነን ቀረ፣ ከአስር ቀን በኋላ ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ከልጁ ጋር ለእረፍት ሄዶ እዛ ነው የፈረመው። የኛም ድራመር ቀረ። ሐረር ገብቶ ነበር፣ ስልክ አያነሳም። ጋሼ «የቀረን ሰው አትጥሩት፣ ሂዱበት» አሉንና አምስታችን በአንድ ሚኒባስ ደንገጎን ወጥተን፣ በአወዳይ አልፈን ሐረር ገባን፣ መንገዱን በሙሉ ማንም አላወራም።

ፈረስ መጋላ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት አገኘነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለቴ አነበበው። ከዛ የዋልያስን ነገር አነሳብን። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ 1981 አሜሪካ ሄደው ግማሾቹ እዛው ቀሩ፣ ባንዱም በዛው ተበተነ፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፣ ከዛ 1985 ላይ ለብቻው የቀዳው ካሴት 2013 ላይ እንደገና ታትሞ አለም ላይ ዞረ። «የኛም ካሴት አንድ ቀን እንደዛ ቢነሳስ? ለዛ ጊዜ ምንም አልጻፋችሁም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልጻፍንም። ዛሬ የምናውቀውን ገቢ ነበር የተካፈልነው።

እስክሪብቶ ከአስተናጋጇ ተዋስን። ከመጨረሻው አንቀጽ ስር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ከዚ በፊት አብረን ከቀዳነው ሙዚቃ ወደፊት ያልታሰበ ገቢ ቢመጣ ለስድስቱም እኩል፣ የሞተ ካለ ለወራሾቹ፣ ብሎ እሱ ራሱ በእጁ ጻፈ። በእጅ የተጨመረ ነገር ሁሉም ካልፈረመበት ዋጋ የለውም፣ ስለዚ በስድስቱም ኮፒ ላይ ስድስታችንም ከመስመሩ ጎን ፈረምን። ሰኞ ድሬ ወርዶ አብሮን ሰነድ ማረጋገጫ ገባ።