ዲዝኒ ወርልድ ከልጆች ጋር፦ ወጪና ሰልፍ የቀነስንበት መንገድ

አምና ከሜሪላንድ ዲዝኒ ወርልድ እስካለበት ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ድረስ በመኪና ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 ዓመት ልጃችንና ትንሹ ወንድሟ። ትንሹ 3 ዓመት ሳይሞላው የሄድነው አስበንበት ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ መግቢያ አይከፍልም። የቲኬት ዋጋም እንደየቀኑ ይለያያል። በዓል ሰሞን ይወደዳል፣ እሱን ሽሹት።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል። የመስታወት ዕቃና አልኮል ብቻ እንዳትይዙ። እኔ ከማታው ዳቦ ቆሎና ሳንድዊች አዘጋጅቼ በትንንሽ ላስቲክ ቋጠርኩ። ውሃም አትግዙ። ፈጣን ምግብ የሚሸጥበት ጋ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ በነጻ ይሰጧችኋል።

ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም ከሄዳችሁ በጠዋት ተነሱ። መኪና የሚቆምበት ከበሩ ሩቅ ነው፤ በጀልባ ወይም በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር) ነው የሚኬደው። በሩ ሲከፈት እዚያ ከደረሳችሁ፣ ቀን ላይ ሰልፉ የሚበረታውን መጫወቻ አስቀድሙ። ከዚያ በኋላ የየመጫወቻውን የሰልፍ ሰዓት በስልካችሁ በዲዝኒ አፕ እያያችሁ ምረጡ።

ቁመቱ ለመጫወቻው ያልደረሰ ልጅ ካላችሁ ደግሞ መጫወቻው በር ላይ ያለውን ሠራተኛ «ራይደር ስዊች» በሉት፤ ወላጆች ተራ በተራ የሚገቡበት አሠራር ነው። ነጻ ነው። ባለቤቴ ከልጃችን ጋር ሲገባ እኔ ትንሹን ይዤ ጥላ ስር ተቀመጥኩ። ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እነሱ ሲወጡ ተቀያየርን፤ ረጅሙን ሰልፍ እንደገና ሳልቆም ገባሁ። ልጄም «እማ፣ ካንቺም ጋር!» ብላ አብራኝ ደገመች።