ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ድሬ

ሰኔ በገባ ቁጥር አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትደውላለች። «ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?» ትለኛለች። እኔ በሽርጥና በካናቴራ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ፣ ላቤን እየጠረግሁ ነው የማወራት። እሷ ጋ ጃንጥላ፣ እኔ ጋ ማራገቢያ። ግንቦትና ሰኔ ለድሬ ምድጃ ናቸው። ዝናባችን ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዴ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። እሱም ደስ ሲለው ነው። አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ የወሩን በአንድ ማታ ያወርደዋል።

ከድሬዳዋ ሐረር የምመላለስ ሹፌር ነኝ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች፤ ሐረር ትንሽ ዝቅ ትላለች። መነኸሪያ ላይ «መስኮት ክፈት፣ ታፈንን» ብለው ከረዳቴ ጋር የተጨቃጨቁ ሰዎች ሐረማያ ስንደርስ «ዝጋው እንጂ፣ ልትገድለን ነው?» ይሉታል። አንድ መኪና፣ አንድ ጠዋት። የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ በተለይ ለሥራም ሆነ ለትምህርት አዲስ ለሚመጡት።

ድሬ ላይ መጀመሪያ የምትማሩት ነገር ይህ ነው፦ ከአናታችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ተዉት፣ ተራራውን እዩ። ከተማዋ ጋራው ግርጌ ላይ ናት። በደቡብ በኩል ቀና ስትሉ የሚታያችሁ ጋራ ላይ የዘነበው ሁሉ መውረጃው በእኛ በኩል ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ገበያም ይዘረጋበታል። ወንዝ መሆኑን የሚያስታውሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ሲመጣ ደግሞ እናንተ ጋ ዘንቦ አይደለም። እዚያ ላይ ነው የዘነበው። ጋራው ተራቁቷል፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ለመስረግ ጊዜ የለውም።

ይህን ማንም አልነገረኝም። መኪና ከመያዜ በፊት የሰው ባጃጅ እነዳ ነበር። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ድልድዩ ተጨናንቋል። ተሳፋሪ አውርጄ ባዶዬን ነኝ፤ ፀሐይዋ ጠራራ ናት። በአሸዋው ላቋርጥ ብዬ ወረድኩ። መሃል ስደርስ ጎማዬ ሰመጠ። ወርጄ ስገፋ ማዶ ላይ ልጆች እየዘለሉ ይጮሃሉ። የሚጫወቱ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው። ቆይቶ «መጣ! መጣ!» የሚለውን ለየሁት። ዞር ስል መጀመሪያ ያየሁት ውሃ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። ቅጠል፣ እንጨት፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አረፋ፤ ተጠቅልሎ እየተገፋ ይመጣል። ውሃው ከኋላው ነው። ቁልፉን እንኳ ሳልነቅል ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ግንቡ ላይ ወጥቼ ስመለከት ባጃጁ ሁለቴ ዞሮ ተገለበጠ። በማግስቱ ግማሽ ድረስ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው። ለባለቤቱ ከፍዬ የጨረስኩት በዓመት ከስምንት ወር ነው። ያን ቀን ሸሚዜ ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ አላረፈችም።

ስለዚህ ጋራው ጫፍ ላይ ደመናው ከጠቆረ፣ ወይም ማታ በዚያ በኩል መብረቅ ብልጭ ካለ፣ አሸዋው ላይ አትውረዱ። አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው አገር የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ አስጊው ከዚያ እስከ ሌሊት ያለው ሰዓት ነው። ደረቁ አሸዋ ላይ ቀጭን ድፍርስ ውሃ መሮጥ ከጀመረ ጨዋታው አልቋል፣ ውጡ። ዕቃ ለመሰብሰብ አትመለሱ። «ቁርጭምጭሚት ነው የሚደርሰው» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። 15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ የሚሮጥ ውሃ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ብዙውን መኪና ያነሳል። የእኛ ጎርፍ ደግሞ ባዶውን አይመጣም፣ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው። ብትጠብቁ ግን በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ሻይ ጠጡ። ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ፤ አቦ፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የስልካችሁ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ «ድሬዳዋ፣ ፀሐይ» ቢላችሁ አልዋሸም። ድሬ ፀሐይ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ስትሰሙ ግን ስለ ምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የሚባለውን ነው ጆሮ የምትሰጡት። በሐረር መንገድ ጋራው ላይ ባለችው ደንገጎ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ትንበያም አያስፈልገው። እኔ እዚያ ሻይ የምጠጣባት ሴትዮ አለች፤ ሰማዩ ሲከብድ ትደውልልኛለች። ሚስቴ ስለዚህ ስልክ የራሷ አስተያየት አላት።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሁድ አጥቢያ፣ ደቻቱ ሌሊት መጣ። ሰው እንደተኛ ነው የደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ቤት ከወንዙ ራቅ ስለሚል ተረፍን። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ የባቡሩን ሰዓት በቃሉ ያውቀዋል። ጩኸቱ ሲቀሰቅሰው «በዚህ ሰዓት ምን ባቡር አለ?» አለ። ያንን አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ዳር በግንብ ተጠናክሯል። ቢሆንም ከደቻቱ አጠገብ የሚያድር ሰው በሐምሌና በነሐሴ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ባይተኛ ጥሩ ነው። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ ሁሉንም በፌስታል ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ስቀሉ። ውሃ ደጃፍ ከደረሰ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ አጥፉ፤ ግን እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ አትንኩት።

ቤት ስትከራዩም ደላላውን ሳይሆን የሰፈሩን ስም ጠይቁ። ኦሮምኛ የማይችል ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። «ለገ» ወንዝ ነው። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው። ለገሃሬ ማለት የአህያ ወንዝ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ውሃው የት እንደሚሄድ አይተው ነው ያወጡት። ከዚያ ግድግዳውን እዩ። በአዲስ ቀለም ሥር ቀጥ ብሎ የሄደ የጭቃ መስመር ካለ፣ ውሃው እስከየት እንደወጣ ነግሯችኋል። ኪራዩ የረከሰው ለዚህ ነው።

አሁን መንገዱ። ደንገጎ ዳገት ክረምት ላይ ጉም ይይዘዋል፤ አንዳንዴ ከፊቴ ያለውን መኪና የማየው መብራቱን ብቻ ነው። አዲስ ሹፌር ጉም ሲያይ ረጅም መብራት ያበራል። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይረጭበታል። አጭሩን አብሩ። ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ ፍሬን እየረገጡ የወረዱትን ታች ስንደርስ በፍሬናቸው ሽታ እናውቃቸዋለን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ሳሙና ይሆናል። ዶፍ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ከገደሉ የተንከባለለ ድንጋይ ኩርባው ላይ ይጠብቃችኋል። መስተዋቱ ከውስጥ በጉም ከተሸፈነ ትንሽ ሻምፑ በደረቅ ጨርቅ ቀብታችሁ ወልውሉት፣ ይጠራል። ተሳፋሪ ከሆናችሁም አፍ አላችሁ። «ሹፌር፣ ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም። እኔን ሲሉኝ ደስ አይለኝም፣ ግን እቀንሳለሁ። የአወዳይ ጫት ጫኞችን ግን ማንም ቀስ በሉ ብሎ አያውቅም። መንገድ ልቀቁላቸው።

ልብስን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ ይከትና ሻንጣውን ጣራ ላይ ያስጭናል። ደንገጎ ላይ ሲንቀጠቀጥ አቁም ይለኛል። በቀጭን ሸሚዝ ውጡ፣ ሹራቡን ጭናችሁ ላይ ያዙት። ሕፃን የያዘች እናት ብርድ ልብሱን ከእጅ ቦርሳዋ አትለየው። ጃንጥላ ደንገጎ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ድሬ ላይ ግን ለፀሐይ ያዙት፣ ማንም አይስቅባችሁም።

ሐረር ቀላል ናት። ጉዳያችሁን ጠዋት ጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላልና። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ድንጋያቸው በእግር ብዛት ልሟል፤ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ውሃው እየተንደረደረ ይወርዳል። በነጠላ ጫማ አትሂዱ። ከዘነበባችሁ አንዱ ደጅ ተጠግታችሁ ጠብቁ። ቁቲ ካቀረቡላችሁ እምቢ አትበሉ፤ የቡና ቅጠል ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያሞቃል።

ዝናቡ ሲያልቅ ብርዱ ያልቃል የሚል ሰው ሐረማያ አላደረም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያደረበትን ቀን አይቻለሁ። ደመና ለምድር ብርድ ልብስ ነው። ሰማዩ ሌሊት ጥርት ካለ የቀኑ ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲው ከተመደበ ከወፍራም ብርድ ልብስ ሌላ ካልሲና ኮፍያ ላኩለት፤ ቀን ላይ ግን በካናቴራ ነው የሚውለው። ቁልቢ የሚሄዱ ምእመናንም ይህን ያውቁታል። የሐምሌ 19ኙ በዝናብ ነው፣ የታኅሣሥ 19ኙ በቆፈን። ለሐምሌው ላስቲክ፣ ለታኅሣሡ ጋቢ። በሁለቱም ጊዜ የከሰል ምድጃ ዘግተው ከተኙበት ክፍል አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

ወደ ድሬ ልመለስ፤ ጎርፉ ሲሄድ ትንኟ ትመጣለችና። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን አነቀው። ሰፈራችን ውስጥ ያልታመመ ቤት ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ መሪ መጨበጥ አቅቶኝ መኪናዋን ለሁለት ሳምንት ያህል አቆምኳት፤ ከአልጋ የምነሳው እንደ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ግድግዳ ይዤ ነበር። ከዚያ በፊትም ደንጊ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም የምታመጣው አንድ ትንኝ ናት፣ የምትነክሰውም ቀን ነው። የማታ አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትወደው ረግረግ አይደለም። የእናንተን በርሜል ነው፤ የተጣለ ጎማ፣ ጀሪካን፣ የአበባ ማሰሮ። አሁን ደግሞ የከተማ በርሜል የምትወድ የወባ ትንኝም ድሬ ውስጥ ተገኝታለች።

ቧንቧ ስለሚጠፋ በርሜል አታስቀምጡ ልላችሁ አልችልም፣ እኔም ሁለት አለኝ። ክዳኑ ግን ይግጠም፤ ካልገጠመ ነጠላ ጨርቅ አናቱ ላይ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በሳምንት አንዴ ውሃውን ደፍታችሁ ውስጡን በብሩሽ ፈግፍጉት። መድፋት ብቻ አይሠራም። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ነው፤ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትንኩ፤ ደንጊ ከሆነ ደም ያፈሳሉ። እኔ ያን ጊዜ ሳላውቅ ሰው የሰጠኝን ሁሉ ውጬ ነበር።

እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት በርሜል መፈግፈግ የልጆቹ ሥራ ነው። ትልቁ በነፃ አይሠራም። መጀመሪያ አሥር ብር ነበር፣ ዘንድሮ ሃምሳ አስገብቶታል።