በስልክ ካሜራ የቀይ ሽንኩርት ሴል እንዴት ይታያል?

ስልክ፣ የተበላሸ የመጫወቻ ሌዘር እና አንድ ቀይ ሽንኩርት ካላችሁ ማይክሮስኮፕ አላችሁ ማለት ነው። በሆላንድ የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴው ሊውወንሁክ በ1670ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውሃ ውስጥ የሚዋኙትን ደቃቃ ፍጥረታት ያየው በአንዲት ትንሽ ሌንስ ነበር።

የሌዘሩን ባትሪ አውጡና አፉን ፍቱት። የምስር ፍሬ የምታክል ሌንስ አለችው። ካርቶን ላይ ከእሷ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ብሱ፤ ሌንሷን አስቀምጣችሁ ጠርዟን በፕላስተር ያዙና በስልኩ ዋና ካሜራ ላይ ለጥፉት። ሱፐር ግሉ በፍጹም! የመጀመሪያዋን ሌንሴን ያጣሁት በእሱ ነው። ትነቱ ነጭ ጉም አለበሳት፣ ብጠርጋት ብጠርጋት አልለቅ አለ።

ሽንኩርቱን ልጣችሁ አንዱን ወፍራም ንብርብር ሰበር አድርጉት። ከውጭ በኩል ስስ ሐምራዊ ሽፋን ተያይዞ ይላጣል። ከጥፍር ያነሰ ቁራጭ ይበቃል። ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ዘርጉት፤ እንዳይታጠፍ።

አስቸጋሪው ርቀቱና ብርሃኑ ነው። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ስልኩን በእጄ ይዤ ጭጋግ ብቻ ሳይ አመሸሁ። ሌንሷ አጥርታ የምታሳየው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ስለሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻውን ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ ስልኩን አትያዙት። ሁለት እኩል ብርጭቆዎች ደፍታችሁ እንደ ድልድይ አጋድሙበት፣ ካሜራው መሃል ላይ ይሁን። ከስሩ የሌላ ስልክ ባትሪ ወደ ላይ አብሩ፣ ነጭ ወረቀት አልብሱት፣ መስታወቱን በላዩ አድርጉ። ብርሃን ከላይ ከመጣ ነጸብራቅ እንጂ ሴል አታዩም። አሁን ሁለተኛውን ስልክ ከፍ አድርጉት፤ መጀመሪያ ከስሩ ደብተር፣ ሲቀርብ ግን ወረቀት በወረቀት ጨምሩ። ምስሉ ድንገት ጥርት ይላል። ካልጠራ ሌንሷን ገልብጡና ድገሙት። ፎቶውን በታይመር አንሱ።

የሚታየው እንደ ጡብ የተደረደረ ግድግዳ ነው፤ እያንዳንዱ ጡብ ሐምራዊ ውሃ የሞላው ሴል። እዚህ አታቁሙ። ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ በሽፋኑ ጠርዝ ጠብ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሐምራዊው ቀለም ከግድግዳው እየለቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ጨው የሴሉን ውሃ ስቦ እያወጣው ነው። ጨው የነካው ሽንኩርት ውሃ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። ጨዋማውን ውሃ በሶፍት ምጠጡና ንጹህ ውሃ ጨምሩበት። ቀለሙ ቀስ እያለ ተመልሶ ሴሉን ሲሞላ ታያላችሁ።