የአጥር እንጨት አፈር ውስጥ እንዳይበሰብስ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

የበሰበሰ የአጥር እንጨት ነቅላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የታችኛው ጫፍ ደህና ነው። ያለቀው አንገቱ ነው፤ ከመሬት ወለል አንስቶ እስከ 30 ሳንቲሜትር ወደ ታች ያለው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከላይ እንጨቱ ይደርቃል፣ ወደ ጥልቁ ደግሞ አየር ያንሳል። ሁለቱም የሚገኙት አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጭንቀታችሁ ሁሉ እዚያ ይሁን።

እንጨት ስትመርጡ መሃሉ ያለው ጠቆር ያለ ክፍል የሚበዛውን ውሰዱ። ዳር ዳሩ ያለው ነጣ ያለው ክፍል የጠንካራ ዛፍም ቢሆን ቶሎ ይበሰብሳል። ቅርፊቱን ላጡ፣ በደንብ አድርቁት።

ከዚያ ፀረ ብስባሽ መድኃኒት። አፈር ለሚነካ እንጨት የተሠራ መሆኑን ዕቃው ላይ አንብቡ። በብሩሽ ከመቀባት ታችኛውን ክፍል መድኃኒቱ ያለበት በርሜል ውስጥ ማቆም በጣም ይሻላል፤ ጠልቆ ይገባል። ጓንት አትርሱ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን እባካችሁ ተዉት። አፈሩን ይመርዛል፣ ጥቅሙም እንደሚወራለት አይደለም።

ጉድጓዱ የእንጨቱን ርዝመት ሲሶ ያህል ይጥለቅ። ከሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጠጠር አልብሱት፣ ውሃው እንዲሰርግ።

አሁን ወደ ኮንክሪቱ። እኔ መጀመሪያ ያጠርኩት ጊዜ ኮንክሪቱን ከሥርም ከጎንም ሞልቼ፣ ላዩን ከመሬት እኩል ለጥ አድርጌ ተውኩት። የሚያምር ሥራ መስሎኝ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ተኮማተረና በዙሪያው ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ተፈጠረች። ዝናቡ በዚያች ገባ፣ መውጫ አጣ። በሦስተኛው ክረምት አንዱን ቋሚ ገፋ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ወደቀ። ስብራቱን በጣቴ ስነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ፈረሰ። የቀረውን ጉቶ ከነኮንክሪቱ ቆፍሮ ማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ ኮንክሪት የግድ ካስፈለገ ከሥር አትዝጉት፣ እንጨቱ ጠጠሩ ላይ ይቁም። ላዩን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ከእንጨቱ ወደ ውጭ አዝቅዝቁት። ለተራ አጥር ግን እኔ ጠጠርና አፈር በየንብርብሩ አጥብቆ መጠቅጠቅን እመርጣለሁ።

የላይኛውን ጫፍ ሰያፍ ቁረጡና ቁርጡን መድኃኒት ቀቡት።

በየዓመቱ ከክረምት በኋላ አንገቱ ላይ የተከመረውን አፈርና ቅጠል ጥረጉ። ከዚያ አንገቱን በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ያለ ጉልበት ከገባ ያንን ቋሚ ጎረቤቶቹን ሳይጎትት ቀይሩት።